ምሶሶውን ያቆመው ማን ነው?

በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ ያለፈ ወጣት 11ዱን እሴቶች ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ ሳይሳሳት ይዘረዝራቸዋል። ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ያደጉ ልጆች በእነዚህ ምዕራፎች እየተፈተኑ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛውረዋል፤ ዩኒቨርሲቲም ገብተዋል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ «ጉራጌ» እና «ቀቤና» በሚል መሥመር ለሁለት ሲከፈል ያየነው ይኸው ትውልድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራና በእንሴኖ ዙሪያ «መስቃን» እና «ማረቆ» በሚል ሰው በሞተበትና ቤት በተቃጠለበት ግጭት መካከል የተገኘውም ይኸው ትውልድ ነው። ጠቡን የጠነሰሱት ልጆቹ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ጠንሳሾቹ ትልልቆች ናቸው። ሆኖም የእኩልነትን ምዕራፍ በጥሩ ውጤት ያለፈ ልጅ የጎረቤቱን ግቢ በጎሣ ስም ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ትምህርቱ የት ላይ ሳተ ብሎ መጠየቅ የመምህርም የወላጅም ግዴታ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆና ስትቀጥል፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ቀቤናና ማረቆም ልዩ ወረዳ ሆኑ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሥነ ዜጋ ትምህርት ስሙ ተቀይሮ «ዜግነት» ተብሏል፤ ለታናናሾቹም ግብረ ገብ ተመልሶላቸዋል። ካርታውም የመጽሐፉ ሽፋንም ተቀየረ እንበል። ልጁ ስለ ሌላው ሰው ከቤቱ ይዞት የመጣው ግምትስ?

በዚያው አገር ለጥቂት ዓመታት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ቆይታዬ የያዝሁት እምነት አንድ ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው እርሱን ለማስረዳት ነው። ተማሪን ከንቀት ሊያላቅቅ የሚፈልግ የታሪክ ትምህርት መጀመር ያለበት ተማሪው የተናቀበትን ታሪክ በመተረክ አይደለም። የራሱ ቤት፣ የራሱ አያቶች ናቂ የነበሩበትን ታሪክ በማስቀደም ነው። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ዋናው ነገር እርሱ ነው እላለሁ።

ለምን? በአንድ የወልቂጤ ክፍል ውስጥ 60 ልጆች ተቀምጠዋል እንበል። የቸሃ፣ የእዣ፣ የእነሞር፣ የክስታኔ፣ የቀቤና፣ የስልጤ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ ልጆች። መምህሩ በደልን ሲተርክ ሁሉም የየራሱን በደል ያወጣል፤ ደግሞም ሁሉም እውነት አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን የጉራጌ ልጅ ለባርነት ተሸጧል። ቀቤና በጦርነት ተቀጥቷል። በሚኒልክ ዘመን የተተከለው የገባር ሥርዓት የሁሉንም ጀርባ አጉብጧል። ይህ ሁሉ መነገር አለበት። ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ ተጀምሮ በዚሁ ካለቀ፣ ክፍሉ የተበዳዮች ውድድር ይሆናል፤ ደወሉ ሲደወልም ሁሉም ልጅ «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ ጥፋተኛው ጎረቤቴ ነው» የሚል የታሪክ ማስረጃ ታጥቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለፖለቲከኛ ከዚህ የበለጠ የተመቸ ተማሪ የለም።

እንግዲህ ከቤት እንጀምር ስል በምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ እውነተኛውን ቤት ማለቴ ነው። የጉራጌን የሣር ክዳን ቤት ያየ ሁሉ ያደንቀዋል። ከጀፎረው፣ ከዚያ ሰፊ የሣር ጎዳና ግራና ቀኝ ተሰድሮ ሲታይ፣ በመካከሉ ወፍራም ምሶሶ ቆሞ፣ ማገሩ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ተዘርግቶ፣ ውስጡ በጢስ ጠቁሮ ሲያብለጨልጭ፣ የውጭ ጎብኚም የአዲስ አበባ ልጅም ፎቶ ያነሣል። ለመሆኑ ይህን ቤት የሠራው ማን ነው? ምሶሶውን ጠርቦ ያቆመው፣ ገበታውን የፈለፈለው፣ በርጩማውን ያለዘበው፣ የእንሰቱን መፋቂያ ብረት የቀጠቀጠው፣ ቆዳውን ያለፋው ማን ነው?

በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩትን ሰዎች አገሬው «ፉጋ» ይላቸዋል። ቃሉ ስድብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ታሪኩን ያለ ቃሉ መናገር ስለማይቻል ብቻ እጽፈዋለሁ። ብረት ቀጥቃጩም ቆዳ ፋቂውም የየራሳቸው የንቀት ስም ነበራቸው። እነዚህ ባለሙያዎች በነባሩ ሥርዓት መሬት አልነበራቸውም። ማሳ ከረገጡ ምድሪቱ ፍሬዋን ትነሣለች፣ እንሰቱ ይጎዳል የሚል እምነት ነበር። የእንሰት አገር ሰው «እንሰት እንዳትነካ» ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረደው፤ በቆጮ በሚኖር አገር ውስጥ የቆጮውን ባለቤትነት መከልከል ማለት ነው። ከሌላው ጋር አይጋቡም። ወደ ቤት የሚገቡት ለሥራ ሲጠሩ ነው፤ የሚበሉትም ተለይተው ነው። «የሞተ ከብት ይበላሉ፣ የዱር አውሬ ይበላሉ» ይባልባቸዋል። መሬትና ከብት የተነፈገ ሰው ምን እንዲበላ ይጠበቅ እንደነበር ግን የጠየቀ የለም።

ከሁሉ የሚገርመው ሌላው ጎን ነው። እኒሁ የተናቁ ሰዎች በሥርዓተ አምልኮና በልጃገረዶች የምሥጢር ሥርዓት ውስጥ ሌላ ሰው ሊተካው የማይችል ስፍራ ነበራቸው። በቀን ከማሳ የሚባረረው ሰው በሥርዓቱ ዕለት ይፈራል፣ ይከበራል። ይህን አስቀድመው በሰፊው የጻፉት አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ጉራጌ የሙያ ማኅበረሰቦች አንድ ጥናት፣ በ1966 ደግሞ ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህሉ ዋናውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። በነገራችን ላይ ሻክ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በአገራቸው በቆዳ ቀለም የሚለያይ ሥርዓት ገና በሕግ ሳይፈርስ፣ እርሳቸው እዚህ መጥተው መልካቸውና ቋንቋቸው አንድ የሆኑ ሰዎች በሥራ ሲናናቁ ተመለከቱ። ምን ብለው አስበው ይሆን እያልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ ጉራጌን ለይቼ ለመክሰስ የተነሣሁ የሚመስለው አንባቢ ካለ ቆም ይበል። በእጅ የሚሠራውን ሰው መናቅ ከትግራይ እስከ ከፋ የተዘረጋ የኢትዮጵያ የጋራ ንብረት ነው። ሰሜኑ ቀጥቃጩን «ጠይብ» እና «ቡዳ» ሲል ኖሯል፤ ሸማኔውንም ሸክላ ሠሪዋንም አልማረም። ዳግማዊ አፄ ሚኒልክ በ1900 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ፍሬ ነገሩ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ ይቀጣል የሚል ነው። በዚሁ ዓመት ሚኒስትሮችን ሾመው የጦር ሚኒስትርነቱን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሰጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው በጨቦ ዘመቻ በልጅነታቸው የተማረኩ ሰው ነበሩ። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ማስተማር እወድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የዘመተባቸው አገር ምርኮኛ ልጅ የጦር ሚኒስትር ሲሆን፣ የቀጥቃጩ ልጅ ግን በአዋጅ እንኳ ከቡዳነት ሊድን አልቻለም። ተማሪዎች «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

አዋጁ ንቀቱን አላጠፋውም። የደርግ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የበለጠ ርቆ ሄዷል፤ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ለመሬት አልባው የእጅ ባለሙያ ይህ ታሪካዊ ቀን ነበር። የመሬት አዋጅ ግን መሬት እንጂ ማዕድ አያካፍልም። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አያቱን ጠይቆ ያመጣውን መልስ ዛሬም አስታውሳለሁ፤ «ማሳቸው ከማሳችን ጋር ይዋሰናል፤ ሠርጋችን ግን አይገናኝም» አሉት። ከዚያም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በትውልድ እና በመሳሰለው ልዩነት ማድረግን ከለከለ። ድንጋጌው በቂ ነው። ሆኖም ነገሩን በስሙ አልጠራውም። የህንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ ሲውል በአንቀጽ 17 «አይነኬነት» የሚባለውን ነገር በስሙ ጠርቶ ሽሮታል። የረቂቁን ኮሚቴ የመሩት አምቤድካር ራሳቸው በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የውኃውን ዕቃ እንዳይነኩ ተከልክለው፣ ሌላ ሰው ካልቀዳላቸው በጥም የሚውሉ ተማሪ ነበሩ። ህንድ ውስጥ ንቀቱ በዚህ አልጠፋም፤ ዛሬም ሰው ይሞትበታል። ቢሆንም የህንድ መምህር ለተማሪው የሚያሳየው በስሙ የተጠራ ነገር አለው። የእኛ መምህር «ማኅበራዊ አመጣጥ» የሚለውን ሐረግ ሲያብራራ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ሁሉም ስለ ምን እንደሚወራ ያውቃልና።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ፤ ታሪኩ የሚገለበጠው እዚህ ነውና።

የጉራጌ ገበሬ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ወደ አዲስ አበባ መፍለስ የጀመረው ከተማ ናፍቆት አይደለም። ገባር ሆኖ ግብር በጥሬ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ገንዘቡ ያለው ከተማ ስለ ነበር ነው። ይዞ የመጣው ካፒታል ትከሻው ብቻ ነበር። ተሸከመ፣ ቆፈረ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ጫማ ጠረገ። ከተሜው ያለ እርሱ ዕቃውን ከገበያ ወደ ቤቱ ማድረስ አይችልም ነበር፤ ስለዚህም ናቀው። «ጉራጌ» የሚለው የሕዝብ ስም «ኩሊ» የሚል የሥራ ስም ሆኖ፣ ሰው ተሸካሚ ሲፈልግ «ጉራጌ!» ብሎ የሚጣራበት ዘመን ነበር። ተምሮ ቢሮ የገባው ልጅ ስሙን አለሳልሶ፣ የአባቱን ስም አሳጥሮ፣ ቋንቋውን በቤቱ ቆልፎ ወጣ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለአገሬው ተወላጅ ለይቶ ያቋቋመው መርካቶ ኋላ የጉራጌ ነጋዴ የደመቀበት ሲሆን፣ ንቀቱ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ተሸካሚ የነበረው «ገንዘብ ወዳድ» ሆነ። «ጉራጌ ሥራ ይወዳል» የሚለው ምስጋና እንኳ ሰውየውን ሳያዩ ስለ ሰውየው የሚነገር ነው። ታላቁ ድምፃዊ ማህሙድ አህመድ በልጅነቱ ሊስትሮ እንደ ነበር ሲነገር ብዙዎች ይገረማሉ። የሚያስገርመው ግን ያን የመሰለ ድምፅ ያለውን ልጅ ቁልቁል ብቻ ያየው የጫማው ባለቤት ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር የጉራጌ ተማሪ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ በአባቱ ይኮራል። በዚህ ቢጀመር ኖሮ ትምህርቱ በኩራትና በቁጣ ያበቃ ነበር። የምሶሶው ታሪክ አስቀድሞ ከተነገረ ግን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። ልጁ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያያል። ከተሜው የተሸካሚውን ትከሻ ፈልጎ ተሸካሚውን ናቀ፤ ባላገሩ የጠራቢውን እጅ ፈልጎ ጠራቢውን ናቀ። አሠራሩ ያው ነው። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ታዲያ አዲስ አበቤው እኛን ያደረገን እኛ እነሱን ያደረግናቸውን ነዋ!» ያለ ዕለት እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረኝም።

የዜግነት ትምህርት እዚህ ላይ ያለ ልፋት ይገባል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የሶዶ ልጆች ተሰባስበው የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን መሠረቱ። ዛሬ ከዓለም ገና ተነሥቶ በጢያ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ የሚጓዝ ሰው የማኅበሩን መነሻ አያስታውሰውም። ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ሲያቀርቡ የጻፉት ስለዚሁ ማኅበር ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምጠቁማቸው የመንገዱን አቅጣጫ ነበር። መዋጮው የተሰበሰበለት መንገድ የሶዶን መንደር ካገናኘ በኋላ አልቆመም፤ መስቃንን፣ ስልጤን፣ ሐድያን አልፎ ወላይታ ድረስ ይዘልቃል። ከተማ የናቃቸው ሰዎች ያዋጡበት መንገድ የሌላውንም አገር ያገለገለ ነበር። «ንቁ የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለውን ምዕራፍ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለቡታጅራ ልጅ ከየት ይመጣል? መንገዱ በደጁ ያልፋል።

ወደ ጎረቤት ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሚኒልክን ጦር ገጥሞ ብዙ ካስቸገረ በኋላ፣ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር ጀብዱ ሜዳ ላይ ድል ሆነ። ለቀቤና ልጅ ሐሰን ጀግና ነው፤ እውነቱን ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ግን አብሮት የተሰለፈም፣ የተዋጋውም፣ የፈራውም ነበር። ክስታኔ ደግሞ በ1860ዎቹ መጨረሻ ለሚኒልክ በሰላም ገብሯል፤ የሰባት ቤት ምዕራብ ተዋግቷል። እንግዲህ «ጉራጌ ተወረረ» ወይም «ጉራጌ ተባበረ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የትኛውን ጉራጌ ይገልጻል? ደጃዝማች ባልቻ ሳፎንም እንውሰድ። በዚሁ አገር በተደረገ ዘመቻ ቆስለው የተገኙ ልጅ እንደ ነበሩ፣ በደረሰባቸው ስለትም የልጅ አባት ሳይሆኑ እንደ ቀሩ ይነገራል። ኋላ በአድዋ መድፈኛ ሆነው ስማቸው ገነነ፤ በ1929 ዓ.ም. በሽምግልናቸው ጣሊያንን ሲዋጉ ወደቁ። ኦሮሞም ጉራጌም «የእኛ ናቸው» ይላቸዋል። መምህሩ ክርክሩን መፍታት የለበትም። ይልቅስ ጥያቄውን ያዙር፤ አንድ ሕፃን አገሩን በወጋው ጦር ቆስሎ ለዚያው አገር መንግሥት ሲሞት፣ የማን ታሪክ ነው የሚባለው? ሁለት ተማሪዎች አንድ መልስ ካልሰጡ መልካም ክፍለ ጊዜ ነበር ማለት ነው።

በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳለው ሲያረጋግጥ፣ በቡታጅራ ቡና ቤቶች የተነገረውን ሁሉ ልጆች ሰምተዋል። «ተገነጠሉብን» ያለ ነበር፤ «እስከ ዛሬ ማን ጠየቀን?» ያለም ነበር። እኔ ድምፅ መስጠቱ ስሕተት ነበር የሚል እምነት የለኝም። ሰው ስሙን ራሱ ቢመርጥ ምን ይጎዳል? የሚጎዳው የስም ምርጫ የጎረቤት ጥላቻ ማስረጃ ተደርጎ ለልጅ ሲተረክ ነው። ከዚያ ወዲህ የዞንና የክልል ጥያቄ ሲነሣ፣ ልዩ ወረዳ ሲመሠረት፣ ያው አተራረክ ተደጋግሟል። በተለይ ባለፉት ዓመታት ማኅበራዊ ሚዲያው የታሪክ መምህሩን ቀድሞት ይገኛል፤ ልጁ ክፍል ሲገባ ሐሰንንም ጎበናንም በቪዲዮ አይቶ፣ ፍርዱንም ጨርሶ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ ቀደም ሲል ጀምሬ ያላነሣሁት አንድ ነገር አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ የእጅ ባለሙያው ልጅም ተቀምጧል። ምናልባት አንድ ብቻውን፣ ምናልባትም ከኋላ ወንበር። መምህሩ ስለ «ፉጋ» መናገር ሲጀምር 59 ራሶች ወደ እርሱ ይዞራሉ። በጎ ትምህርት ለመስጠት የተነሣ መምህር አንድን ልጅ በአደባባይ ሊያዋርደው ይችላል። አሜሪካዊቷ መምህርት ጄን ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግሥት፣ በአዮዋ አንዲት ትንሽ ከተማ የ3ኛ ክፍል ልጆቿን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ አንዱ ወገን ሌላውን እንዲንቅ ያደረገችው ሙከራ በዓለም የታወቀ ነው። ብዙዎች ያደንቋታል። እኔ ግን ያን ለወልቂጤ አልመክርም። ንቀት በሌለበት ክፍል ንቀትን በጨዋታ መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ ንቀቱ ቀድሞ በገባበት ክፍል ደግሞ መጫወት ሌላ ነገር ነው። ሩዋንዳ ከ1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ የታሪክ ትምህርትን በትምህርት ቤቶች ለዓመታት አቁማ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ፍርሃቷ ይገባኛል። እኛ ግን ብናቆመው ልጁ ከቡና ቤትና ከስልክ ይማረዋል እንጂ ሳይማር አይቀርም።

እኔ የያዝሁት መንገድ ከሰው ሳይሆን ከዕቃ መጀመር ነበር። «ከእናንተ መካከል የእነማን ልጅ አለ?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ለተማሪዎቹ የምሰጣቸው የቤት ሥራ አንድ ነበር፤ ወደ አያታችሁ ቤት ሂዱ፤ የከተማ ልጆች የሆናችሁ ለመስቀል አገር ቤት ስትገቡ ጠይቁ። በቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ዘርዝሩ፤ ምሶሶ፣ ገበታ፣ በርጩማ፣ ማሰሮ፣ ክትፎ የምትበሉበት ጣባ፣ ቢላዋ፣ ቆዳ። በአንጻሩ የሠራውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ የተከፈለውን ዋጋ፣ በተከፈለው ቀን የት ተቀምጦ እንደ በላ ጻፉ። የመጨረሻው ጥያቄ ነው ትምህርቱ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚቀርበው የእገሌ ልጅነት ሳይሆን ሙያው ነው፤ ምሶሶ እንዴት ይመረጣል፣ ያለ ምስማር ማገር እንዴት ይያያዛል። በአንድ ሰሚስተር ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ የእንጨቱን አመራረጥ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ለምን እንዳወቀ የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሁሉም አልወደደውም። አንድ የተከበሩ አዛውንት ወላጅ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ይህ ነገር እኮ ሞቷል፤ የሞተውን ለምን ትቀሰቅሳለህ? እኛ ልጆቻችንን ስለ አባቶቻቸው ጀግንነት እንድታስተምርልን ነው የላክናቸው» አሉኝ። በአክብሮት መለስሁላቸው። «አባባ፣ ሞቶ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከእነዚያ ሰዎች ልጅ አንዱ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ሽማግሌ ቢልክ ልጅዎን ይድሩለታል?» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና ፈገግ አሉ። «እሱማ ሌላ ነገር ነው!» አሉኝ። ሻይ ጋበዝኋቸው፤ በሰላምም ተለያየን። ስለ ጀግንነት ያነሡት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም የዚያ አገር ታሪክ የጎደለው ጀግና አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት ስለ ሴቶች የፍቺና የጋብቻ መብት የጆካ ሸንጎን ፊት ለፊት ገጥማለች፤ ታሪኳ በአፍ ሲወርድ ኖሮ በዘመናችን ለመድረክ በቅቷል። እርሷ የተሟገተችው ከባዕድ ወራሪ ጋር አልነበረም፤ ከራሷ አባቶች ሥርዓት ጋር ነበር። ልጆቹን ስለ ጀግንነት አስተምራቸው ከተባልሁ የማስቀድመው ይህን ዓይነቱን ነው።

በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች ሁሉ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የጋራ ኮርስ ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ የነበረው ስለ ነገሥታትና ስለ ብሔሮች ነው፤ ማን ገዛ፣ ማን ተገዛ። የእጅ ባለሙያው በዚያ ክርክር ውስጥ ጠበቃ አልነበረውም፤ ክልል አልጠየቀም፣ ዞን አልጠየቀም፤ ባንዲራም የለው። የዞን ትምህርት መምሪያዎቹም ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ቢያስቡበት፣ የመምህራን ሥልጠና ሲዘጋጅ ይህ ጉዳይ ሁለት ቀን ቢሰጠው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ጊዜው ግን አጭር ነው። በሁለቱም ከተሞች ዙሪያ የቆርቆሮ ቤት የሣሩን ቤት እየተካው ነው፤ የቆርቆሮ ቤት ምሶሶ አይፈልግም። የፕላስቲኩ ሳፋ ገበታውን አስቀርቶታል። ምሶሶ ያቆሙ እጆች ያሏቸው ሰዎች አርጅተዋል፤ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ ወደ ከተማ ፈልሰው የአባታቸውን ሙያ አያነሡም። የጉራጌ ልጅ በአዲስ አበባ ቋንቋውን በቤቱ እንደ ቆለፈው ማለት ነው።

ያን የቤት ሥራ ስሰበስብ የወረቀቶቹ አሞላል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። የዕቃዎቹ ዝርዝር ሙሉ ነው፤ ዋጋውም በብር፣ አንዳንዱም በቆጮና በቅቤ ተጽፏል። የበላበት ቦታ ላይ «ውጭ፣ በደጃፍ» የሚል ይበዛል። የሠሪው ስም በሚለው ዓምድ ግን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ስም ይገኛል፤ በተቀሩት ላይ «ፉጋ» ተብሎ ተጽፎ ወይም ባዶ ሆኖ ይመጣል። ወረቀቱን ሳላርም እመልስላቸውና እንደገና እንዲጠይቁ እልካቸው ነበር፤ ያ ቤት ገና ያለ ከሆነ፣ አያትም በሕይወት ካሉ።